ባለቤቱ የተረሳ መዝሙር፤ የቄስ ሮበርት ስቲቨን ሆከር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ዓመት የወላጆች በዓል በተከበረበት ዕለት የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አምስት መዝሙሮችን ለእንግዶች አሰምቶ ነበር። የክበቡ ጸሐፊ ስለ ነበርኩ የበዓሉን ፕሮግራም የጻፍኩትና ያባዛሁት እኔ ነኝ። ከመዝሙሮቹ ሦስተኛው ስለ ማለዳ ደወል የሚናገረው፤ ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ስንዘምረው ያደግነው ነው። ደራሲው ማን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ከርእሱ አጠገብ የጥንት የሕዝብ ዜማ መሆኑን ጻፍኩና አለፍኩ።

በዓሉ ተፈጽሞ ሰዉ መበተን ሲጀምር የአንድ የክፍል ጓደኛዬ አያት ፕሮግራሙን በእጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። ያን መዝሙር ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሳሉ ለተማሪዎቻቸው የደረሱት እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። እንዲያውም ገና በሕይወት ሳሉ መዝሙራቸው የጥንት ለመባል መብቃቱ እንዳስገረማቸው ፈገግ ብለው ገለጡልኝ። ከዚያም ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። እኔ ግን እፍረት ስለ ያዘኝ ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ነገሩን ለእንግሊዝኛ መምህራችን ባጫወትኳቸው ጊዜ አልነቀፉኝም፤ አላጽናኑኝምም። በማግሥቱ ግን ስለ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ የተጻፈ መጽሐፍ አምጥተው ሰጡኝ፤ በክረምቱ ዕረፍት አንብቤ እንድጨርሰውም አዘዙኝ። እኔም መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ሌሎችም ጽሑፎች እየፈለግሁ ስለዚሁ ሰው አነበብኩ። እነሆ ያገኘሁትን አሳጥሬ ለጓደኞቼ፤ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ኮርንዎልና ሕዝቧ

የቄሱን ሕይወት ከመተረኬ በፊት ስለ አገሪቱ ጥቂት መናገር ይገባኛል። ኮርንዎል በእንግሊዝ አገር ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፤ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ ብላ የምትገኝ ጠባብ ምድር ናት። በሰሜን፤ በምዕራብና በደቡብ ባሕር ይከብባታል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የታማር ወንዝ ዴቨን ከተባለው አውራጃ ይለያታል። ሕዝቧ ከዌልስ ሕዝብና በፈረንሳይ አገር ከሚገኘው ከብሪታኒ ሕዝብ ጋር የሚዛመድ የኬልት ወገን ነው። ቋንቋቸው ኮርንኛ ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ኑሯቸውም የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን በመቈፈር፤ ዓሣ በማጥመድና መሬት በማረስ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ይህ ሕዝብ ጭቆናን በዝምታ የሚቀበል አልነበረም። በ1497 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ከስኮትላንድ ጋር ለሚያደርገው ጦርነት ከባድ ግብር በጣለ ጊዜ፤ የኮርንዎል ሰዎች ይህ ጦርነት ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው ተነሡ። አን ጎፍ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ብረት ቀጥቃጭና ቶማስ ፍላማንክ የተባለ አንድ የሕግ ዐዋቂ እየመሩአቸው እስከ ሎንዶን አጠገብ ድረስ ዘለቁ። ነገር ግን በሰኔ ወር በ17ኛው ቀን ብላክሂዝ በተባለው ስፍራ ድል ሆኑ፤ መሪዎቻቸውም ተገደሉ። በ1549 ዓ.ም. ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን በታዘዘ ጊዜ እንደ ገና ተነሡ፤ አሁንም ብዙ ደም ፈስሶ ተሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ ቋንቋቸው ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ምዕራብ እየሸሸ፤ በመጨረሻ በጥቂት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ብቻ ተወስኖ ቀረ። በታኅሣሥ 1777 ዓ.ም. ዶሊ ፔንትሪዝ የምትባል ዓሣ ሻጭ አሮጊት ሞተች፤ ብዙዎች ኮርንኛን ከእናታቸው አፍ ከተማሩት ሰዎች የመጨረሻዋ አድርገው ይቈጥሩአታል።

ታዲያ ቋንቋው የጠፋበት ሕዝብ በምን ራሱን ያውቃል? የኮርንዎል ሰዎች ከቀሩአቸው ነገሮች አንዱ ዜማ ነው። በፓድስቶ ከተማ በየዓመቱ ግንቦት መባቻ ሰዉ በከበሮና በአኮርዲዮን ታጅቦ፤ እንደ ፈረስ የተሠራ ጥቁር ምስል የለበሰ ሰው እያስጨፈረ በየመንገዱ ይዘፍናል። በሄልስተን ከተማ ደግሞ ግንቦት 8 ቀን ወንዱና ሴቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየቤቱ እየገቡና እየወጡ ይጨፍራሉ። የገናንም ዝማሬ ከአባቶቻቸው እየተቀበሉ ሲዘምሩ ኖረዋል። ዴቪስ ጊልበርት የተባለው የኮርንዎል ተወላጅ ሊቅ ይህ ዝማሬ እንዳይጠፋ ስለ ሰጋ፤ በ1822 ዓ.ም. ጥንታውያኑን የገና መዝሙሮች ሰብስቦ ከነዜማቸው አሳተመ። የአብዛኞቹ ዘፈኖች ደራሲ ማን እንደ ነበረ አይታወቅም። አሁን የምተርክላችሁ ሰው መዝሙርም ከእነርሱ ጋር ተቀላቅሎ፤ ባለቤት እንደ ሌለው ተቈጥሮ ነበር።

ልደቱና ትምህርቱ

ሮበርት ስቲቨን ሆከር በታኅሣሥ ወር በ3ኛው ቀን 1803 ዓ.ም. በፕሊመዝ ከተማ ተወለደ። ፕሊመዝ የምትገኘው በዴቨን ነው፤ ስለዚህ የኮርንዎልን መዝሙር የደረሰው ሰው የተወለደው ከታማር ወንዝ ወዲያ ማዶ መሆኑን ልብ በሉ። አያቱ በከተማው ዝነኛ ሰባኪ ነበሩ። አባቱ ቅስና ተቀብሎ በኮርንዎል ወደሚገኝ አንድ ደብር በተዛወረ ጊዜ፤ አሥር ዓመት የሚሆነው ሮበርት ከአያቶቹ ጋር ቀረ። ከዚያ በኮርንዎል በሊስከርድ ከተማ፤ በኋላም በቼልተናም ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። ገና በልጅነቱ ግጥም መግጠም ጀምሮ ነበር።

በ1823 ዓ.ም. ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ 41 ዓመት የሆናትን ሻርሎት የተባለች ሴት አገባ። ያገሩ ሰው በዚህ ነገር ብዙ ተሣለቀ፤ ገንዘቧን ፈልጎ ነው ብለው ያሙትም ነበሩ። በእርግጥ የእርሷ ሀብት በኦክስፎርድ ለመማር ረድቶታል። ዳሩ ግን ሁለቱ እስከ እርሷ ሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል በመከባበር አብረው ስለ ኖሩ፤ ሐሜቱን ኑሯቸው ራሱ አፈረሰው። የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በቲንታጀል ነው፤ ይህም በአፈ ታሪክ የሚነገርለት ንጉሥ አርተር የተወለደበት ነው የሚባል፤ በባሕር ዳር ገደል ላይ ያለ የፈረሰ ግንብ ነው። የንጉሥ አርተር ታሪክ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆከር አሳብ አልወጣም።

ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም ተመረቀ። በ1827 ዓ.ም. ስለ ጥንታዊቱ ከተማ ስለ ፖምፔይ በጻፈው ግጥም ኒውዲጌት የተባለውን የዩኒቨርሲቲውን የታወቀ ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ስሙን ከመቃብር በላይ ያኖረው ይህ የተሸለመው ግጥም አይደለም። ዛሬ የፖምፔይን ግጥም የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው።

መዝሙሩ

በመስከረም ወር 1826 ዓ.ም. ሆከር ገና ተማሪ ሳለ፤ በፕሊመዝ በሚታተም አንድ ጋዜጣ ላይ የጸሐፊው ስም ያልተገለጠ ግጥም ወጣ። በኋላ የምዕራብ ሰዎች መዝሙር የሚል ርእስ ተሰጠው፤ ሕዝቡ ግን ትሬሎኒ እያለ ይጠራዋል። ግጥሙን የጻፈው ሆከር ነበር።

የመዝሙሩ ታሪክ እንዲህ ነው። በ1688 ዓ.ም. ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ አንድ ዐዋጅ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ። ሰባት ጳጳሳት ትእዛዙ ከሕግ ውጭ መሆኑን ገልጠው አቤቱታ ስለ ጻፉ፤ ተይዘው በሎንዶን ግንብ ታሰሩ። ከእነርሱ አንዱ በዚያን ጊዜ የብሪስቶል ጳጳስ የነበረው ጆናታን ትሬሎኒ ነው፤ እርሱም የኮርንዎል ሰው ነው። ሆከር ይህን ይዞ፤ ጳጳሱ ቢገደል 20,000 የሚሆኑ የኮርንዎል ሰዎች የታማርን ወንዝ ተሻግረው እስከ ሎንዶን እንደሚዘምቱ የሚናገር የፉከራ መዝሙር ጻፈ። ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፤ አካሄዳቸውም የሰልፈኛ እርምጃ ስላለው በአንድ ጊዜ በጆሮ ይገባሉ። አዝማቹን ግን እንዳልፈጠረው ሆከር ራሱ ተናግሯል፤ ከጳጳሳቱ መታሰር ጀምሮ በሕዝቡ አፍ ሲነገር የኖረ አባባል ነው ብሎ ያምን ነበር።

አሁን ለእውነት ስንል የታሪክ ሰዎች የሚሉትንም እንስማ። በ1688 ዓ.ም. ከኮርንዎል ተነሥቶ ወደ ሎንዶን የዘመተ ጦር አልነበረም። ጳጳሳቱ የተከሰሱበትም ወንጀል በሞት የሚያስቀጣ አልነበረም፤ ጥቂት ቀናት ታስረው በዋስ ተለቀቁ፤ በሰኔ ወር በ30ኛው ቀንም በነጻ ተሰናበቱ። አንዳንድ ሊቃውንት አዝማቹ በ1628 ዓ.ም. በዚያው ግንብ የታሰረውን ሌላ ትሬሎኒ የሚመለከት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሌሎችም ወደ ሎንዶን የመዝመቱ ነገር የ1497 ዓ.ም. ዘመቻ ትዝታ ነው ይላሉ። እኔም ይህ ሁለተኛው አሳብ ልቤን ይስበዋል፤ ምክንያቱም ሕዝብ የተሸነፈበትን ቀን በመዝሙር አሸናፊ ሆኖ ሲያስበው በብዙ አገር ይታያልና።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለሆከር ክብርም ሐዘንም ነበር። የገናውን መዝሙሮች የሰበሰበው ያው ዴቪስ ጊልበርት ግጥሙን ከጋዜጣው ላይ አግኝቶ የጥንት መስሎት እንደ ገና አሳተመው። ታላቁ ደራሲ ዋልተር ስኮትና የታሪክ ጸሐፊው ማኮሌይም እውነተኛ የ1688 ዓ.ም. መዝሙር አድርገው ተቀበሉት። በ1852 ዓ.ም. ቻርልስ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ እንደ ጥንታዊ ዘፈን ታተመ፤ ደራሲው በሕይወት መኖሩ በተነገረ ጊዜ ግን መጽሔቱ ስሕተቱን አረመ።

ሆከር ግጥሙን በራሱ መጻሕፍት ውስጥ አሳትሞ የእርሱ መሆኑን ገልጧል። ዳሩ ግን በአንድ ገለልተኛ የባሕር ዳር ደብር የሚኖረውን ቄስ ማን ይሰማዋል? እንዲህ ያሉ ታላላቅ ሰዎች ሥራውን የጥንት ነው ብለው በመሳሳታቸው ይኰራ ነበር። ነገር ግን መዝሙሩ በየአገሩ ሲሸጥ፤ ሲለወጥና ሲጨበጨብለት እርሱን ማንም አለማስታወሱ ያሳዝነው እንደ ነበር በደብዳቤዎቹ ገልጧል። ይህን ሳነብ በአራት የታጠፈችው የፕሮግራም ወረቀት ትዝ አለችኝ።

የሞርዌንስቶ ቄስ

ሆከር በ1831 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። ከሦስት ዓመት በኋላም የሞርዌንስቶ ደብር ተሰጠው፤ ዕድሜውንም ሁሉ እዚያው ኖረ። ሞርዌንስቶ በኮርንዎል ሰሜናዊ ጠረፍ የምትገኝ ደብር ናት። በዚያ ባሕሩን የሚያዋስነው ገደል በአንዳንድ ስፍራ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከሥሩም የተሳለ ድንጋይ ተደርድሮአል። በክረምት ማዕበል መርከብ ወደዚያ ከተጠጋ የመዳን ተስፋ አልነበረውም። ሆከር ሲመጣ ደብሩ ከመቶ ዓመት በላይ በስፍራው የሚቀመጥ ቄስ አልነበረውም። ሕዝቡ ድኻ ነበር፤ ኮንትሮባንድ የሚነግዱ፤ ከተሰበረ መርከብም ዕቃ የሚለቅሙ ብዙዎች ነበሩ።

እጅግ የሚያሳዝነው ግን የመርከበኞቹ ሬሳ ነገር ነው። በቀድሞ ዘመን ባሕር የተፋው ሬሳ ስሙም ሆነ ሃይማኖቱ ስለማይታወቅ፤ በተገኘበት አሸዋ ውስጥ ይቀበር ወይም ለባሕር ይተው ነበር። በ1807 ዓ.ም. በዚያው በኮርንዎል ጠረፍ አንሰን የተባለች የጦር መርከብ ተሰብራ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፤ በ1808 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ሬሳ በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲቀበር የሚያዝ ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ያን ገደል ወርዶ፤ በማዕበል የተቈራረጠውን አስከሬን በሰው ትከሻ አሸክሞ የሚያወጣ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው።

ሆከር ይህን ሥራ ለራሱ ግዴታ አደረገው። መርከብ መሰበሩ ሲሰማ ሌሊትም ሆነ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ወደ ገደሉ ይሮጥ ነበር። ምእመናኑን አስተባብሮ አስከሬኖቹን ያስለቅማል፤ ሣጥን ያሠራል፤ ጸሎቱን ሁሉ አድርሶም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይቀብራቸዋል። በዚህ ዓይነት ያሳረፋቸው መርከበኞች ከ30 በላይ ናቸው። የብዙዎቹ ስም አልታወቀም፤ በአጠገባቸው የቆመው የድንጋይ መስቀል ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ቃል ተቀርጾበት እስከ ዛሬ ያስታውሳቸዋል።

በመስከረም 1842 ዓ.ም. ካሌዶኒያ የተባለች የስኮትላንድ መርከብ እዚያው ተሰበረች። ከዘጠኙ መርከበኞች የተረፈው የጀርዚ ደሴት ተወላጅ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሆከር ቤቱ አስገብቶ እስኪሻለው አስታመመው። ከሞቱት አምስቱ በአንድ ስፍራ ተቀበሩ። ሆከር በመርከቢቱ አፍንጫ ላይ የነበረውን ከእንጨት የተቀረጸ የሴት ምስል አስመጥቶ በመቃብራቸው ላይ አቆመው። ምስሉ ከብዙ ዓመት ዝናምና ነፋስ በኋላ እንዳይበሰብስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶአል፤ በመቃብሩ ላይ አሁን የቆመው ቅጂው ነው።

ሆከር ለሕያዋንም አልሰነፈም። ለደብሩ ልጆች ትምህርት ቤት አሠራ፤ አብዛኛውንም ወጪ የሸፈነው ከራሱ ኪስ ነው። በ1843 ዓ.ም. ምእመናኑ በጥቅምት ወር የመጀመሪያ እሑድ ከአዲሱ እህል በተጋገረ ኅብስት እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ጠራቸው። ዛሬ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚከበረው የመከር ምስጋና በዓል የተስፋፋው ከዚህ ተነሥቶ ነው ይባላል።

ጠባዩ ከሌሎች ቀሳውስት የተለየ ነበር። በጥቁር ልብስ ፈንታ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ኮት፤ ሰማያዊ የዓሣ አጥማጅ ሹራብና ረጅም የባሕር ጫማ ያደርግ ነበር። ለራሱ ባሠራው ቤት ላይ የጭስ መውጫዎቹን በሕይወቱ የሚወድዳቸውን የአብያተ ክርስቲያናት ማማዎች አስመስሎ አሠራቸው፤ የወጥ ቤቱን ጭስ መውጫ ግን የእናቱን መቃብር አስመሰለው። በገደሉም ጫፍ ላይ ከተሰበሩ መርከቦች በተለቀመ እንጨት ትንሽ ጎጆ ሠርቶ፤ በዚያ ተቀምጦ ባሕሩን እያየ ግጥም ይጽፍ ነበር። ይህች ጎጆ ዛሬም አለች፤ የእንግሊዝን ቅርሶች ከሚጠብቀው ከናሽናል ትረስት ይዞታዎች ሁሉ ትንሿ እርሷ ናት። ታላቁ ባለቅኔ ቴኒሰንም በ1848 ዓ.ም. ወደ ሞርዌንስቶ መጥቶ ስለ ንጉሥ አርተር ከሆከር ጋር ተጫውቶአል።

የሰውን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ጕድለቱንም መደበቅ የለበትም። ሆከር ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ነበርና ዕድሜውን ሁሉ ዕዳ ሲያንገላታው ኖረ። በኋለኛው ዘመኑም ኦፒየም የተባለውን አደንዛዥ መድኃኒት መውሰድ ለምዶ ጤናውንና መንፈሱን ጐድቶበታል። ከጎረቤቶቹም ጋር ብዙ ጊዜ ይጣላ ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1861 ዓ.ም. ሉዊዛ ክሌር የምትባል ሴት ለትሬሎኒ ግጥም ሕዝቡ የሚዘምርበትን ዜማ አዘጋጀችለት። በ1863 ዓ.ም. ሻርሎት በሞተች ጊዜ ሆከር ሐዘኑ ጸናበት። በሚቀጥለው ዓመት፤ ዕድሜው 60 ካለፈ በኋላ፤ ፖሊን የምትባል የ20 ዓመት ወጣት አገባና ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደ። በዚያው ዓመት በ1864 ዓ.ም. ስለ ንጉሥ አርተርና ስለ ቅዱሱ ጽዋ ፍለጋ የሚናገረውን ታላቅ ግጥሙን አሳተመ።

ሆከር በነሐሴ ወር በ15ኛው ቀን 1875 ዓ.ም. በተወለደባት በፕሊመዝ ከተማ ሞተ። በሞት አልጋ ላይ ሳለ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ፤ በዚህም ምክንያት በወዳጆቹና በነቃፊዎቹ መካከል ብዙ ክርክር ተነሣ። አልቃሾቹ እንደ ልማዱ ጥቁር ሳይሆን ሐምራዊ ልብስ ለብሰው ፕሊመዝ ውስጥ ቀበሩት። ስንቱን እንግዳ በሞርዌንስቶ ግቢ ያሳረፈው ቄስ፤ ራሱ ከእነርሱ ጋር ሳያርፍ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰባይን ቤሪንግ ጉልድ የተባለ ሌላ ቄስ የሆከርን ታሪክ ቸኩሎ ጻፈ። መጽሐፉ ብዙ ተረት የተቀላቀለበት ስለ ሆነ የሆከር ዘመዶችና ወዳጆች ተቃወሙት፤ እርማትም ተደረገበት። ይኸው ቤሪንግ ጉልድ ከ1888 ዓ.ም. ጀምሮ በዴቨንና በኮርንዎል መንደሮች እየዞረ፤ ማንበብና መጻፍ ከማያውቁ ሽማግሌዎች አፍ አሮጌ ዘፈኖችን ሰበሰበ። ጸያፍ የመሰሉትን ቃላት እየለወጠ ቢያሳትማቸውም፤ ዜማዎቹ ግን ከመጥፋት ዳኑ፤ ለብዙዎቹም ከማን እንደ ተቀበላቸው ጽፎአል።

መዝሙሩስ?

መዝሙሩ ከደራሲው ይልቅ ብዙ አገር አየ። በ19ኛው መቶ ዘመን የመዳብና የቆርቆሮ ዋጋ በወደቀ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የኮርንዎል ማዕድን ቈፋሪዎች ወደ አውስትራሊያ፤ ወደ አሜሪካ፤ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዱ። መዝሙራቸውንም ይዘው ሄዱ፤ በደቡብ አውስትራሊያ በሙንታ፤ በካሊፎርኒያም በግራስ ቫሊ የኮርንዎል የገና መዝሙሮች ሥር ሰድደዋል። በአገር ቤት ደግሞ ራግቢ በሚባለው የኳስ ጨዋታና በመጋቢት ወር በ5ኛው ቀን በሚውለው በጠባቂያቸው በቅዱስ ፒራን በዓል ሕዝቡ ትሬሎኒን በአንድ ድምፅ ይዘምራል።

የጠፋው ቋንቋም እንደ ገና ተነሥቶአል። ሄንሪ ጄነር የተባለው ሊቅ በ1904 ዓ.ም. የኮርንኛ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ትሬሎኒም ከእንግሊዝኛ ወደ ኮርንኛ ተተርጕሞአል። በ2014 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የኮርንዎልን ሕዝብ ራሱን የቻለ ታናሽ ሕዝብ አድርጎ ተቀብሎታል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፤ መዝሙር የሕዝብ የሚሆነው ደራሲ ስለ ሌለው ሳይሆን ሕዝብ ስለ ተቀበለው መሆኑን ነው። የኮርንዎል ሰዎች መዝሙሩን የደረሰው ከወንዙ ማዶ የተወለደ ሰው መሆኑን፤ በውስጡ ያለው ታሪክም እንዳለ እውነት አለመሆኑን ዛሬ ያውቃሉ፤ ሆኖም ያንኑ ይዘምራሉ፤ ከስሙም ጋር ያስታውሱታል። ሁለተኛውም፤ የባለቤቱን ስም መጠየቅ ከመዝሙሩ ክብር ምንም አይቀንስም። ሆከር ስማቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች ገደል ወርዶ ነበር። እኔ ግን በአሥር እርምጃ ርቀት ተቀምጠው የነበሩትን ሽማግሌ ስም ለመጠየቅ አልደከምኩም።

ዘንድሮ ትምህርት ሲጀመር ከጓደኛዬ ጋር ሆኜ ወደ አያቱ ቤት ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡና ተፈልቶ ብዙ ተጫወትን። መዝሙሩን ዘምሬ ባሰማኋቸው ጊዜ ሁለት ቃላት ከመጀመሪያው ድርሰት ተለውጠው አገኙ። አንደኛውን የልጆቹ ቃል ከእርሳቸው ይልቅ የተሻለ ነው ብለው እንዲቀር ፈቀዱ፤ ሁለተኛውን ግን ትርጕሙን ያበላሻልና እንድናርመው አሳሰቡኝ። ስማቸው በዚህ መጽሔት እንዲወጣ አልወደዱም፤ ስለ ሌላ ሰው በተጻፈ ታሪክ ውስጥ መግባት አልፈለጉም። በዚህ ዓመት የወላጆች በዓል ፕሮግራም ላይ ግን ከመዝሙሩ ርእስ አጠገብ ስማቸው ይጻፋል። የእርማት ወረቀቱን አንብበው በእጃቸው ፈርመውበታል፤ እኔም በክበቡ መዝገብ ውስጥ አኑሬዋለሁ።